ተውኔት ቆመው ሲያነቡት

ዘመናዊ ተውኔት አንብበው «ምንም እኮ የሆነ ነገር የለም» ብለው መጽሐፉን የሚያስቀምጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። አብዛኞቹ ጎበዝ የልቦለድ አንባቢዎች ናቸው። ተውኔቱንም የሚያነቡት ልቦለድ በሚያነቡበት መንገድ ነው። ንግግሩን ይከተላሉ፤ በቅንፍ የተቀመጠውን ይዘሉታል። ከኖርዌጃዊው ጸሐፌ ተውኔት ከኢብሰን ወዲህ በተጻፉ ተውኔቶች ግን ዋናው ነገር ብዙውን ጊዜ ያለው እዚያው ቅንፍ ውስጥ ነው። ማን ገባ? በየትኛው በር? እጁ ላይ ምን ይዟል? መቼ ዝም አለ?

እኔ ይህ በደንብ የገባኝ ከጓደኞቼ ጋር ተውኔት ቆመን ማንበብ ስንጀምር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ፣ አንዷ ጓደኛችን ቤት እንገናኛለን። ባለሙያ ተዋናይ የለንም። አስተማሪ አለን፣ የባንክ ሠራተኛ አለን፣ ተማሪዎች አሉን። ሶፋውን ወደ ግድግዳ እንገፋለን፣ ስልክ እናጠፋለን፣ አንድ ትዕይንት እንመርጣለን። በአማርኛ ያላገኘነውን እኔ ለልምምድ በሚሆን ቋንቋ አዘጋጀዋለሁ። ለተመልካች የምናሳየው ነገር የለም። የምንፈልገው ተውኔቱ ምን እንደሚል ማወቅ ብቻ ነው። ሥነ ጽሑፍ ለምትማሩ፣ ለምታስተምሩ፣ ወይም ተውኔት ወድዳችሁ ማንበቡ ለከበዳችሁ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እንዴት እንደምንሠራ ልንገራችሁ።

ብዙ የቆየንበት ተውኔት የሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ኮፐንሃገን፣ በሮያል ቴአትር፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1879 ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ገና ዋዜማ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች የራሳቸው ገና ሦስት አራት ቀን ሲቀረው መጥተው መድረኩ ላይ የገና ዛፍ ሲገባ አዩ ማለት ነው። የራሳቸውን ሳሎን ሳይመስላቸው አልቀረም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ ኖራ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባሏ ቶርቫልድ ሄልመር የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሊጀምር ነው። ከዓመታት በፊት እሱ በጠና ታሞ ሳለ ኖራ ሕይወቱን ለማትረፍ በአባቷ ስም ፈርማ ገንዘብ ተበድራለች። እሱ ይህን አያውቅም። ያበደራት ክሮግስታድ አሁን ከባንኩ ሊባረር ስለሆነ ምስጢሩን አወጣዋለሁ እያለ ያስፈራራታል።

ከአከፋፈቱ ልጀምር። መድረኩ ባዶ ነው። ደወል ይሰማል። ኖራ እያንጎራጎረች ዕቃ ተሸክማ ትገባለች። ዛፉን ያመጣው ተሸካሚ ሃምሳ ኧሬ ሲላት አንድ ክሮነር፣ ማለትም እጥፉን፣ ትሰጠውና መልሱን ያዘው ትለዋለች። ከኪሷ የማካሮን ከረጢት ታወጣለች። ማካሮን ጣፋጭ ብስኩት ነው። አንድ ሁለት ትበላለች። ቀስ ብላ ወደ ባሏ የሥራ ክፍል በር ትሄድና ታዳምጣለች። ባሏ ከውስጥ ሲጣራ ከረጢቱን ኪሷ ትከትና አፏን ትጠርጋለች።

እስካሁን ቁም ነገር የሚባል ንግግር አልተደረገም። ተውኔቱ ግን ስለ ትዳሩ ብዙ ነግሮናል። ገንዘብ እንዴት እንደምታወጣ አየን። በገዛ ቤቷ በር ላይ ጆሮዋን እንደምትጥል አየን። ብስኩት እንኳ ደብቃ እንደምትበላ አየን። ይህ ሁሉ የሆነው ምናልባት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው።

እዚህ ጋ ነው ቆሞ ማንበብ ዋጋው የሚታየው። ቁጭ ብላችሁ ስታነቡ «አፏን ትጠርጋለች» የሚለው ሁለት ቃል ነው፤ ታልፉታላችሁ። ተነስቶ የሚሠራው ሰው ግን ማለፍ አይችልም። እንዴት ነው የምትጠርገው? እኛ ትዕይንቱን በተለያየ መንገድ ሞከርነው። መጀመሪያ ኖራ ፈርታ ሠራችው፦ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ከረጢቱ ሊወድቅባት ይላል። ቀጥሎ እንደ ጨዋታ፦ ፈገግ እያለች፣ እየጣማት። በመጨረሻ ደግሞ እንደ ልማድ፦ ምንም ሳታስብበት፣ በየቀኑ እንደምታደርገው።

ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ሴቶች ናቸው። ፈሪዋ ኖራ ከመጀመሪያው ተጨቁናለች፤ መጨረሻ ላይ ስትሄድ ከእስር እንደምታመልጥ ሰው ናት። ተጫዋቿ ኖራ ይህን ቤት ማስተዳደር ታውቅበታለች፤ መጨረሻ ላይ የምትተወው የተካነችበትን ጨዋታ ነው። ባለልማዷ ደግሞ መደበቋን ራሷም ልብ ብላው አታውቅም፤ ለእሷ ተውኔቱ የመንቃት ታሪክ ይሆናል።

ታዲያ የቱ ነው ትክክል? ይህን ለመወሰን ወደ ጽሑፉ መመለስ ያስፈልጋል። ትንሽ ቆይቶ ቶርቫልድ ጣፋጭ በልተሻል ወይ ብሎ በቀልድ እያስመሰለ ሲመረምራት ፊት ለፊት ትክደዋለች። እንደገና የቤተሰቡ ወዳጅ ዶክተር ራንክና ጓደኛዋ ክሪስቲና ባሉበት ያንኑ ከረጢት አውጥታ ትጋብዛለች። ከየት አመጣሽው ሲባል ክሪስቲና ናት ያመጣችልኝ ትላለች፤ ጓደኛዋ በድንጋጤ ታያታለች። እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ መዋሸት ከፍርሃት አይመጣም። ስለዚህ የፈሪዋን ኖራ ትርጓሜ ተውነው። ሌሎቹ ሁለቱ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ እኔ ባለልማዷን እመርጣለሁ። አንዲት ጓደኛችን ግን እስከ ዛሬ ተጫዋቿን ነው የምትደግፈው፤ ማስረጃዋም ጠንካራ ነው።

አሠራራችን እንግዲህ ይኸው ነው። አንዷን ትንሽ ድርጊት ያዙ። በተለያየ መንገድ ሥሯት። እያንዳንዱ መንገድ ስለ ገጸ ባሕርይዋ ምን እንደሚል ተናገሩ። ከዚያ ጽሑፉ የቱን እንደሚደግፍና የቱን እንደሚያፈርስ ፈልጉ። ይህ የመጨረሻው ከቀረ ሥራው ከንቱ ነው። መድረክ ላይ ያማረ ነገር ሁሉ ተውኔቱ ውስጥ አለ ማለት አይደለም።

ዕቃዎቹንም እንደ ገጸ ባሕርይ ተከታተሏቸው። የገናው ዛፍ በመጀመሪያው ገቢር ተሸፍኖ ይገባል፣ ይጌጣል። በሁለተኛው ገቢር መጋረጃው ሲከፈት ጌጡ ተራግፎ፣ ሻማዎቹ ነድደው አልቀው ጥግ ላይ ቆሟል። ኖራ ብቻዋን ወዲያ ወዲህ ትላለች። ኢብሰን ጭንቀቷን ለንግግሯ ብቻ አልተወውም፤ ዛፉን አራቆተው። ሌላው የፖስታ ሳጥኑ ነው። ቁልፉ ያለው ቶርቫልድ ጋ ብቻ ነው። ክሮግስታድ ምስጢሩን የያዘውን ደብዳቤ ከከተተበት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ወደዚያ ሳጥን የሚያይ ሆነ። እኛ ከካርቶን ሠርተን በሩ ጋ ሰቀልነው። ኖራን የምታነበው ልጅ ከዚያ በኋላ ስትናገር ዓይኗ በራሱ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም።

ብርሃኑም እንደዚሁ። በሁለተኛው ገቢር ኖራ ለዶክተር ራንክ የሐር ካልሲዎቿን የምታሳይበት ቦታ አለ። እየመሸ ነው፤ ክፍሉ እየጨለመ ነው። ገንዘብ ልትጠይቀው አስባ ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለች። ራንክ ታሟል፣ ሊሞት እንደሆነ ያውቃል። ድንገት እንደሚወዳት ይነግራታል። ኖራ ተነስታ ሠራተኛዋን ጠርታ መብራት አምጪ ትላለች። ከዚህ በኋላ ገንዘቡን መጠየቅ አትችልም፤ አትጠይቅምም። ይህን ትዕይንት ቀን፣ ፀሐይ በሞላበት ክፍል ብታነቡት ኖራ ክፉኛ አሽኮርማሚ ትመስላለች። መጋረጃውን ዘግተን፣ በግማሽ ጨለማ አንብበነው፣ በቦታው ላይ መብራቱን ስናበራው ግን ሁላችንም ዝም አልን። መብራቱ ሲመጣ አንድ የማምለጫ በር እንደተዘጋ ገባን። እሷም ራሷ የዘጋችው በር ነው።

አሁን ጭፈራው። ቶርቫልድ ደብዳቤውን ሊያወጣ ሲነሳ ኖራ ፒያኖ ላይ ትቀመጥና የታራንቴላን ዜማ ትጀምራለች። ታራንቴላ የኢጣሊያ ጭፈራ ነው። ነገ ማታ ድግስ ላይ ልትጨፍረው ነውና አለማምደኝ ትለዋለች። እሱ ይጫወታል፣ እሷ ትጨፍራለች። እሱ ቀስ በይ ይላታል፣ እሷ ትፈጥናለች። ራንክ ፒያኖውን ይቀበለዋል፤ ቶርቫልድ ቆሞ ያርማታል። ጸጉሯ ይፈታል፣ አታስተውለውም።

ከእኛ መካከል ታራንቴላ የሚችል የለም። ኖራ የሆነችው ልጅ ግን እስክስታ ትችላለች። ስለዚህ ቶርቫልድ ጠረጴዛ እየመታ፣ እሷ ከምቱ እየቀደመች ሞከርነው። መጀመሪያ አሳምራ ጨፈረች። አጨበጨብንላት፤ ትዕይንቱ ግን ሞተ። የጭፈራ ዝግጅት ሆነ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጨመርን፦ ዓላማሽ እሱ ወደ ሳጥኑ እንዳይሄድ ማድረግ ነው፤ ትከሻሽ ካረፈ ይሄዳል። ያኔ የምናየው ነገር በአንድ ጊዜ ተለወጠ። የትከሻዋ እንቅስቃሴ ልመና ሆነ። ቶርቫልድ ቀስ በይ ባላት ቁጥር የማያውቀውን ነገር እኛ እናውቃለን፤ ልብ ሰቀላው የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። ይህን በንባብ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ገጹ ላይ ያለው ጥቂት መስመር ንግግር ነው።

ገጸ ባሕርይው አሁን ከሌላው ሰው ምን ይፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ከሩሲያዊው የቴአትር አዘጋጅና የትወና መምህር ከስታኒስላቭስኪ ትምህርት ነው የወሰድነው። ሌላ ምንም የትወና ቴክኒክ ባታውቁ ይችን ብቻ ያዙ። ምን ይሰማዋል ብላችሁ አትጀምሩ፤ ስሜት ሊሠራ አይችልም። ምን ይፈልጋል ስትሉ ግን እግር ይነሳል፣ እጅ ይንቀሳቀሳል።

በሦስተኛው ገቢር ቶርቫልድ ደብዳቤውን አንብቦ ይጮህባታል፤ ሁለተኛ ደብዳቤ መጥቶ አደጋው ሲያልፍ ደግሞ ድኛለሁ ይላል። እሷስ? ኖራ የድግስ ልብሷን ልታወልቅ ገብታ የዘወትር ልብሷን ለብሳ ትመለሳለች። ቁጭ በል ትለዋለች። ጠረጴዛ መሐል አድርገው ይቀመጣሉ። ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር ባልና ሚስት ሆነን ቁም ነገር ስናወራ ይህ የመጀመሪያችን ነው ትለዋለች። ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ ስትጨፍር የቆየች ሴት አሁን ረግታ ተቀመጠች። ተዋናይዋ እዚህ እጇን እያወናጨፈች ብትናገር የቀደሙት ሁለት ገቢሮች ሥራ ሁሉ ባከነ።

መጨረሻውን ደግሞ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ኖራ ወጣች። ቶርቫልድ ወንበር ላይ ወድቆ ፊቱን ሸፈነ። ስሟን ጠራ። ተነስቶ ዙሪያውን አየ፤ ባዶ ነው። ከዚያ፣ ትዳራቸውን እውነተኛ ትዳር ሊያደርገው ስለሚችል ተአምር ከመውጣቷ በፊት የተናገረችው ነገር ትዝ ብሎት ተስፋ ብልጭ አለበት። ከታች የውጭው በር ድም ብሎ ሲዘጋ ተሰማ። መጀመሪያ ተስፋው፣ ቀጥሎ በሩ። አንዳንድ ሰው ታሪኩን ሲናገር በሩን ያስቀድማል፤ ቶርቫልድን ብቻውን ሲያለቅስ ይተወዋል። እንዲህ ከሆነ ያዘንንለት ሰው ይሆናል። እንደተጻፈው ከሠራነው ግን በሩ ለገዛ ተስፋው የተሰጠ መልስ ነው። ሁለቱንም ሠርታችሁ እዩት።

ይህ ድርጊት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ራሱ ኢብሰን አይቶታል። ጀርመን ውስጥ ሄድቪግ ኒማን-ራበ የምትባል ዝነኛ ተዋናይ እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም ብላ መጨረሻውን አልሠራም አለች። ሌላ ሰው ከሚያበላሽብኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1880 እሱው ሌላ መጨረሻ ጻፈ፦ ቶርቫልድ ኖራን ወደ ልጆቹ መኝታ በር ይወስዳታል፣ እሷም ትቀራለች። በኋላ ራሱ ኢብሰን ይህን መጨረሻ በተውኔቱ ላይ የተፈጸመ አረመኔያዊ ድርጊት ብሎ አወገዘው። ከዚያ በፊት ያለው ንግግር ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ እግሯ ወደየት እንደሄደ ብቻ ሲለወጥ ተውኔቱ ሌላ ተውኔት ሆነ።

ይህን መንገድ ከኢብሰን ወዲህ ባሉት ላይም ሞክሩት። በአርተር ሚለር «የአሻሻጩ ሞት» ላይ ሳንሠራው ማንበብ ያስቸገረን ጊዜው ነበር። አሻሻጩ ዊሊ ሎማን አሁን ካለበት ሌሊት ወደ ድሮው ዘመን ይገባል፣ ይወጣል። ሚለር መፍትሔውን መግቢያው ላይ ጽፎታል። ታሪኩ አሁን ላይ ሲሆን ተዋናዮቹ በማይታየው ግድግዳ ተገድበው በበሩ ብቻ ይገባሉ። ያለፈው ዘመን ሲሆን ግድግዳውን እንደሌለ ቆጥረው በላዩ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤሊያ ካዛን ሲያዘጋጀው ጆ ሚልዚነር የሠራው የመድረክ ንድፍ ይህንኑ የሚያሳይ ነበር። እኛ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍን። በቃ። ዊሊ መስመሩን ሲረግጥ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። እንዲያውም ከዚያ የባሰውን አየን፦ ሰውየው እያደር በሩን መርሳት ይጀምራል።

እዚያው ተውኔት ላይ ካልሲዎቹን ተከታተሉ። ሚስቱ ሊንዳ የተቀደደ ካልሲዋን ስትጠግን ዊሊ ይቆጣታል፣ ጣይው ይላታል። ለምን እንደሆነ እሷ አታውቅም። እኛ ግን ጥቂት ቀደም ብሎ ሌላ ሴት ስለ ካልሲ ስታመሰግነው ሰምተናል። በሁለተኛው ገቢር ልጁ ቢፍ ቦስተን ሆቴል ድረስ ሄዶ ያየውን ስናውቅ ያቺ መርፌና ክር ትከብዳለች። ሊንዳን የምታነበው ጓደኛችን እውነተኛ መርፌ ይዛ እንድትሰፋ አደረግን። እጇ ሥራ ሲይዝ ድምጿ ተለወጠ፤ ማባበሉ ቀረ።

ከአገራችንም የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» ቤታችሁ ሞክሩት። የተማረው ሰው የቤት ሠራተኛውን አገባ ሲባል ቁልፉ ጥያቄ ማን ተቀመጠ፣ ማን ቆመ፣ ማን ዕቃ አነሳ የሚለው ነው። እኛ አገር አንድ ሰው ሲገባ ማን እንደሚነሳ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ተመልካቹ ወዲያው ያነበዋል።

የምትችሉ ከሆነ አንዱን ትዕይንት ከሠራችሁ በኋላ ዩቲዩብ ላይ የተለያዩ ዝግጅቶችን ፈልጋችሁ አወዳድሩ። በፊት ግን አትዩ። አንድ ጥሩ ተዋናይ ካያችሁ በኋላ የራሳችሁን ምርጫ ማግኘት ይከብዳል። ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ወንበሮችን በሰዎቹ ቦታ አድርጉና የአንዱን ሰው ብቻ ሙሉ ትዕይንት ሥሩ፤ በተለይ የማይናገርበትን ጊዜ። ሌላው ሲናገር ምን እያደረገ ነው? ለፈተና ወይም ለጽሑፍ ሥራ የምትዘጋጁ ከሆነም ይህ ይረዳችኋል። «ኖራ ነጻነት ትሻለች» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ በየትኛው ገቢር፣ በየትኛው ድርጊት እንደታየ መጻፍ ትችላላችሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ የማቀርበው ትዕይንት ከአንቶን ቼኾቭ «የቼሪ አትክልት ስፍራ» አራተኛው ገቢር ነው። ርስቱ ተሽጧል፣ ቤተሰቡ ሊሄድ ነው። የገዛው ነጋዴው ሎፓኺን የቤተሰቡን የማደጎ ልጅ ቫርያን ያገባታል ብሎ ሁሉም ይጠብቃል። ሆን ብለው ብቻቸውን ይተዋቸዋል። ቫርያ ገብታ ሻንጣዎቹ መሐል የሆነ ነገር ትፈልጋለች። ምን እንደሆነ አይነገረንም። እሱ አሁን ወዴት ትሄጃለሽ ይላታል፤ ትነግረዋለች። ስለ ብርዱ ያወራል። እሷ ቴርሞሜትራችን ተሰብሯል ትላለች። ዝምታ። ከውጭ ሰው ይጠራዋል፣ ፈጥኖ ይወጣል። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ሁለት ሰው፣ አንድ ሻንጣና ከውጭ የሚጣራ ሦስተኛ ሰው ይበቃችኋል። መጀመሪያ ሎፓኺን ሊጠይቃት ቆርጦ እንደመጣ አድርጋችሁ ሥሩት። ቀጥሎ እንደማይጠይቃት ገና ስትገባ እንደሚያውቅ አድርጋችሁ። ቫርያ ደግሞ አንዴ የጠፋባትን ዕቃ በእውነት ትፈልግ፣ አንዴ ለእሱ ጊዜ ለመስጠት ብላ ትፈልግ። ዝምታውን አታሳጥሩት፤ እስኪያስጨንቃችሁ ቆዩበት። ቼኾቭ ይህን ተውኔት ኮሜዲ ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1904 በሞስኮ አርት ቴአትር ያዘጋጀው ስታኒስላቭስኪ ግን ትራጄዲ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ተቀመጡና ማን ልክ እንደሆነ ተከራከሩ። የእኛ ቤት እስካሁን አልተስማማም።